ልጁን ከመምከራችን በፊት ወላጁን እንርዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ልመና አለ። አባት ወይም እናት የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ይመጡና «እኔንስ አልሰማ አለኝ፤ እባካችሁ እናንተ ምከሩልኝ» ይላሉ። ልጁ ከቤት ይጠፋል፤ ከታናናሾቹ ጋር ይደባደባል፤ ትምህርቱን ትቷል፤ ተቆጪ አይፈራም። እኛም እንቀበለዋለን፤ ከመዝሙር ክፍል እናስገባዋለን፤ ስለ ዐሥርቱ ትእዛዛት እናስተምረዋለን። አንዳንዱ በእግዚአብሔር ቸርነት ይመለሳል። ሌላው ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመካከላችን አይገኝም። ያን ጊዜ «የዘመኑ ልጅ!» ብለን እናማርራለን።

እኔ ግን የዘገየነው እኛ ነን እላለሁ። በ14 ዓመት ጎልቶ የሚታየው አስቸጋሪ ጠባይ ብዙ ጊዜ ሥር መስደድ የሚጀምረው ልጁ 3 ወይም 4 ዓመት ሳለ ነው። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ከልጁ ይልቅ ትምህርትና ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው የሚያሳድጉት ናቸው። ለሕፃናት ክፍል አለን፤ ለወጣቶች ክፍል አለን፤ ለሙሽሮችም ምክር አለን። ሕፃን ልጅ ለያዘ አባትና እናት ግን ምን አለን?

ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር በአንድ የደጋ ቤት ውስጥ እንመልከት። እናት እንጀራ እየጋገረች ነው። የ4 ዓመት ልጇ የእኅቱን ቆሎ ነጠቀ። «መልስላት!» አለችው። አልሰማም። ደግማ ጮኸችበት። እርሱም በተራው ጮኸ፤ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጢሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ምጣዱም እየጠበቃት ስለ ሆነ ዝም እንዲልላት ሌላ እፍኝ ቆሎ ጨመረችለት። ልጁ አንድ ነገር ተማረ፦ መጮኽ ያስገኛል። በማግስቱ ያው ነገር ሲደገም በጥፊ መታችው፤ ዝም አለ። አሁን ደግሞ እናቲቱ ተማረች፦ መምታት ዝም ያሰኛል። በሦስተኛው ቀን ጥፊው አልበቃም፤ አርጩሜ መጣ። እንዲህ እያለ ቤቱ ያለ ጩኸትና ያለ ዱላ ምንም የማይሠራበት ቤት ይሆናል። ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ይህንኑ እየተመላለሰ የሚከር አዙሪት አጥንቶ ገልጾታል። ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልጁ ክፉ አይደለም፤ እናቲቱም ጨካኝ አይደለችም። ሁለቱም ሳያውቁት አንዱ ሌላውን ክፉ ነገር አስተማረው እንጂ።

አስቸጋሪ ልጅ ሁሉ ደግሞ የአስተዳደግ ጉድለት ውጤት አይደለም። አባቶቻችን «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች አንዱ ዝምተኛ፣ አንዱ ቁጡ፣ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ ይሆናሉ። ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ ጆሮው የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ዓይን ለዓይን የማያይ፣ አፉን ያልፈታ ልጅም ባለጌ ወይም የተረገመ ሳይሆን ኦቲዝም ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ የኦቲዝም ማዕከል መሥርተው ለዓመታት የደከሙት ይህን ለማስረዳት ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ጠበል ማስጠመቅ መልካም ነው፤ ወደ ሐኪም መውሰድም የዚያው እምነት ሥራ ነው። መምታት ግን ከሁለቱም ውጭ ነው።

ያዘነ ልጅም አለ። ከደቡብ ወሎ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። ባለፉት ዓመታት ክልላችን ባየው ጦርነትም የጥይት ድምፅ የሰሙ፣ ዘመድ የቀበሩ፣ ከቀዬአቸው የሸሹ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለ ልጅ ሌሊት ይባንናል፤ መኝታውን ያረጥባል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል፤ ከሚያውቀው ሰው ቀሚስ አልላቀቅም ይላል። እኛ «ቅብጠት» የምንለው ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። በመቅደላ ጥላ ሥር ያደግን ሰዎች የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአምባው ላይ ሲያርፉ ልጁ ገና 7 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። እንግሊዞች ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ይዘውት ወረዱ፤ እርሷም በመንገድ ሳለች ዐረፈች። ብላቴናው አማርኛ የሚያውቀውን ካፒቴን ስፒዲን የሙጥኝ ብሎ ያዘ፤ ኋላም ከእርሱ ለይተው ወደ ትምህርት ቤት ላኩት። ምግብ፣ ልብስና ትምህርት አልጎደለበትም፤ የንግሥቲቱም አሳቢነት አልተለየውም። ሆኖም ደስታ ርቆት ኖሮ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ዐረፈ። ልጅ ከእንጀራና ከልብስ በላይ «የእኔ» የሚለውና የማይለየው ሰው እንደሚያስፈልገው ከዚህ የበለጠ ምስክር ከአምባችን አንሻም።

እዚህ ላይ ሳይጠየቅ የማይታለፍ ጥያቄ አለ። «መጽሐፍ ቅዱስ በትርን አዝዞ የለምን?» የሚል አለ። በርግጥ ጠቢቡ ሰሎሞን ልጁን የማይገሥጽ አባት ልጁን እንደሚጠላ ይናገራል (ምሳ. 13፥24)። ካህኑ ዔሊም ልጆቹን ባለመከልከሉ የደረሰበትን እናውቃለን (1ሳሙ. 3፥13)። ቤተ ክርስቲያናችን ልጅ እንዳሻው ይሁን አትልም። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂልም እውነት አለው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡና ልባቸውን እንዳይሰብሩ ሁለት ጊዜ ያስጠነቅቃል (ኤፌ. 6፥4፤ ቆላ. 3፥21)። ከዚህም ጋር የዔሊን ታሪክ አስተውሉ፤ በደሉ ልጆቹ ለዐቅመ አዳም እስኪደርሱ፣ ኃጢአታቸውም በአደባባይ እስኪወጣ ዘግይቶ በቃል ብቻ መገሠጹ ነበር። የዘገየ ተግሣጽ ደካማ እንደሆነ ከእርሱ በላይ የሚያስተምረን የለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን ይህን አስታርቆ አስቀምጦታል። ልጅ በትርን ይፍራ እንጂ ዘወትር በትርን አይቅመስ ይላል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ መመታትን የለመደ ልጅ መመታትን ይንቃል፤ ከናቀው በኋላ ለአባቱ ምን መሣሪያ ይቀረዋል የሚል መንፈስ ያለው ትምህርት ይሰጣል። በእርሱ ዘንድ ዐይነተኛው መሣሪያ ረጋ ያለ ቃል፣ ምስጋናና ተስፋ ነው። የልጅን ነፍስ በከተማ፣ የስሜት ሕዋሳቱን በከተማይቱ በሮች ይመስላቸዋል። ማታ ማታም አባትና እናት የቃየልንና የአቤልን ታሪክ በልጁ አቅም እንዲተርኩለት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ልጁ ራሱ እንዲተርክላቸው ይመክራል። ከ1,600 ዓመት በፊት የተሰጠ የወላጆች ትምህርት ማለት ይህ ነው።

የዛሬው ዓለም «የወላጆች ድጋፍ መርሐ ግብር» የሚለውም በአሠራሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ወላጆች በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። የሠለጠነ ሰው ያወያያቸዋል፤ አይሰብክባቸውም። እያንዳንዱ ቤት ያጋጠመውን ይናገራል፤ አዲስ ዘዴ በተግባር ይለማመዳሉ፤ በቤታቸው ሞክረው በሳምንቱ ውጤቱን ይዘው ይመለሳሉ። የሚማሩትም ቀላል ነገር ነው። በቀን ጥቂት ደቂቃ ከልጁ ጋር እርሱ በመረጠው ጨዋታ መጫወት፤ መልካም ሲሠራ የሠራውን ነገር ጠርቶ ማመስገን፤ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ አድርጎ፣ ቀርቦና ዓይኑን እያዩ መንገር፤ ጉዳት የሌለውን ነጭናጫነት እንዳላዩ ማለፍ፤ ሲያጠፋ በንዴት ሳይሆን አስቀድሞ በተነገረው መጠን መቅጣት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ራስ ሲናደድ መጀመሪያ ራስን ማብረድ። በደቡብ አፍሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀውና የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የደገፉት መርሐ ግብር እንዲሁ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ድጋፍ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ለሚኖሩ ወላጆች ሁሉ በቅርብ እንዲገኝ መክሯል።

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» ለሚል ደግሞ የጃማይካን ምሳሌ ላቅርብ። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ በኪንግስተን ከተማ ድሃ ሰፈሮች በምግብ እጥረት የቀጨጩ 129 ሕፃናት ተመረጡ። ከእነርሱ ከፊሎቹን የጤና ረዳቶች ለ2 ዓመት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል በቤታቸው ይጎበኟቸው ነበር። መጫወቻዎቹ ከተጣለ ዕቃ በቤት የተሠሩ ነበሩ፤ ዓላማውም እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱና እንዲነጋገሩ ማለማመድ ነበር። ልጆቹ 22 ዓመት ሲሞላቸው የተጎበኙት ካልተጎበኙት ይልቅ በድብድብና በከባድ ጠብ ውስጥ የመገኘታቸው ነገር ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ገቢያቸውም በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከተጣለ ዕቃ በተሠራ መጫወቻና በአንድ ሰዓት ጉብኝት!

በአገራችንም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካስቀመጣቸው 4 ምሰሶዎች አንዱ የወላጆች ትምህርት ነው። በአዲስ አበባም የከተማው አስተዳደር በጀመረው የቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ሥራ የሠለጠኑ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ስለ ጨዋታና ስለ እንክብካቤ ያማክራሉ። ይህ ግን ከመኪና መንገድ ርቆ በሳይንት፣ በወግዲና በቦረና ገደል ጫፍ ለሚኖር ቤተሰብ ገና ሩቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለ ክትባትና ስለ ምግብ ትመክራለች፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው። ታዲያ በየጎጡ ማን አለ? ቤተ ክርስቲያን አለች።

እስቲ ያለንን እንቁጠር። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ሕፃን ይዞ የሚመጣ ወላጅ በዚያ ቀን ከእጃችን ነው። የክርስትና አባትና የክርስትና እናት አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ልጅን ለሁለተኛ ወላጅ አደራ ያስሰጠችው ለክርስትናው ዕለት ግብዣ ብቻ አልነበረም። የንስሐ አባት አሉ፤ ጠበል ሊረጩ ወደ ቤት ይገባሉ፤ የቤቱንም ገመና ያውቃሉ፤ ቃላቸውም ይሰማል። የጽዋ ማኅበር አለ፤ በየወሩ ያው 12 ወይም 20 ቤተሰብ ይሰበሰባል። ከተማው በብዙ ወጪ የሚያደራጀውን የቤት ጉብኝትና የወላጆች ስብስብ አባቶቻችን አስቀድመው አቁመውልናል። የጎደለው በውስጡ የሚነገረው ነገር ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተመካክሮ ከ7 ዓመት በታች ልጅ ላላቸው ወላጆች በወር አንድ ጊዜ ጉባኤ ይጀምር። በጽዋው ቀን ከጸሎቱ በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ርእሱ በየወሩ አንድ ብቻ ይሁን፦ ጨዋታ፣ ምስጋና፣ ትእዛዝ፣ ቁጣ፣ ቅጣት፣ ፍርሃት። አንዱን ይማሩት፤ ወሩን ሙሉ ይሞክሩት፤ ተመልሰው ይወያዩበት። የጤና ባለሙያዋን እንጋብዛት፤ ከመካከላችን መምህርና ነርስ የሆኑትን እንለምናቸው። አባቶችም ይምጡ፤ ልጅ ማሳደግ የእናት ሥራ ብቻ የሆነበት ቤት በአንድ እግር የቆመ ቤት ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ልጆች ከልጆቻችን ጋር በአንድ ደጅ ይጫወታሉ፤ በዚህ የተማርነው በቡና ላይ ወደ እነርሱ መድረሱ አይቀርም፤ ይድረስም።

ዘዴውንም ከሩቅ አናምጣው። «ከልጅ ጋር መጫወት» ማለት ለእኛ በእሳቱ ዳር እንቆቅልሽ መጠያየቅ፣ ተረት መንገር፣ በዕቃ ዕቃ ጨዋታው ውስጥ እንግዳ ሆኖ መቀመጥና የሰጠንን የአፈር እንጀራ «እሰይ፣ ጣፈጠኝ» ማለት ነው። «ልጅን ማመስገን» ማለትም ምርቃት ነው። ወሎ በምርቃቱ የታወቀ አገር ነው፤ ለእንግዳ፣ ለአላፊ አግዳሚው የማይነፈገው ምርቃት ጥጃውን አስሮ ለመጣ የ5 ዓመት ልጅ ለምን ይነፈጋል? «እደግልኝ፤ ጥጃውን ሳልነግርህ ስላሰርህ ደስ አሰኘኸኝ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። በአንጻሩ «ደደብ»፣ «የማትረባ» እያልን በየቀኑ የምንወረውረው ቃል እርግማን መሆኑን እንወቅ። በርበሬ ማጠንን፣ በአለንጋ መግረፍን፣ ራትን መከልከልንም ከቤታችን እናውጣ፤ ተግሣጽ ልጁን ያቀናዋል፤ እነዚህ ግን ያስመርሩታል።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንመርምር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት አሳዳጊ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሰንበት ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ነው። በመዝሙር ልምምድ ላይ ጆሮ የሚቆነጥጥ፣ በሕፃናት ክፍል አርጩሜ የሚይዝ መምህር ካለ ወላጆችን ስለ ትዕግሥት ለማስተማር አፍ አይኖረንም። ከራሳችን እንጀምር።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ «እኛ ገና አልወለድንም» ብላችሁ አትለፉት። በአገራችን ሕፃን የሚታቀፈውና የሚታዘለው በእናት ብቻ አይደለም። እናት ውኃ ስትቀዳ፣ አባት ሲያርስ ሕፃኑን የምታዝለው የ10 ዓመት እኅት ናት፤ ከብት ይዞት የሚወጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። እንግዲህ እኅቴ ሆይ፣ ታናሽሽ ሲያለቅስ የምትመልሺለት ቃል አስተዳደግ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ በእረኝነት የምትከተልህ ታናሽህ ጠብን ወይም ትዕግሥትን የምትማረው ከአንተ ነው። ነገ ስትወልዱ የምታደርጉትን ዛሬ ትለማመዳላችሁ።

በመጨረሻም የምድራችንን ታላቅ አባት እናስብ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ገዳሙ በዚሁ በቦረና ነው። ገድሉ እንደሚነግረን በሐይቅ እስጢፋኖስ ሳለ ለ7 ዓመት ትምህርት አልገባው ብሎ ነበር፤ መምህሩም ወደ አባቱ ሰደዱት። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ እንደ ሰነፍ ቆጥረው አልጣሉትም፤ በዚያው ያገልግል ብለው መልሰው ላኩት። በወፍጮ ሥራ እያገለገለ፣ በእመቤታችን ፊት እያለቀሰ ቆየ፤ እርሷም የጥበብን ጽዋ አጠጣችው። ያ «የማይገባው» ብላቴና ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን ለቤተ ክርስቲያን ያወረሰ ሊቅ ሆነ። ዛሬ በመንደራችን «አይረባም» የተባለው የ5 ዓመት ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ልጁን ይዞ የሚታገሠው ወላጅ ግን ዛሬ ያስፈልገዋል፤ ወላጁም የሚደግፈው ወንድም ያስፈልገዋል። ያ ወንድም እኛ እንሁን። «ምከሩልኝ» ብሎ የሚመጣውን አባት 14 ዓመት አንጠብቀው፤ በ40ውና በ80ው ቀን ደጃችን ላይ ቆሟልና።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ ለወላጆችም ትዕግሥቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።